በየረርና በዝቋላ መካከል

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከፉሪ ተራራ ሥር ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው ሁለት ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታዩታል፤ በግራው የረር፣ በቀኙ ዝቋላ። በሁለቱ መካከል ዝቅ ብሎ የተኛው ምድር ቢሾፍቱ ነው። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡርም እንዶዴን አልፎ የሚገሰግሰው ወደዚያው ነው። የቢሾፍቱን ስም ሰው ሁሉ ከሐይቆቿ ጋር ያነሣዋል፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። እኔ ግን ወደዚያ አቅጣጫ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሐረር ሜዳ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ምድብ። በዚያ ምድብ ስንት ዓይነት አውሮፕላን እንደገባና እንደወጣ ብዙ ተብሏል። እኔ መተረክ የፈለግሁት ስለ ሰዎቹ ነው፤ አገሪቱ በስንት ድካም አስተምራ ስላፈራቻቸው፣ መልሳም በገዛ እጇ ስለበተነቻቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ሐረር ሜዳ ገና ሳይታሰብ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ፖቴዝ 25 የምትባል አውሮፕላን አዲስ አበባ አሳረፈ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አውሮፕላን አልነበረም። ያቺ አውሮፕላን «ንስረ ተፈሪ» ተባለች። ንጉሥ ተፈሪ ለምን እንደፈለጓት ለማወቅ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ስምንት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ከመሐል አገር ጦር ጋር ተፋጠጠ። አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ በመጀመሪያ የበተነው ወረቀት ነበር፤ ለአመፅ የተሰለፈ ሁሉ እንዲመለስ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ። ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። ሰማይን ከደመናና ከአሞራ በቀር በሌላ የማያውቅ ገበሬ ወታደር ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። በኢትዮጵያ አውሮፕላን ለጦርነት የዋለው ለመጀመሪያ ጊዜ በወገን ላይ ነበር፤ ይህን ታሪክ ስንተርክ ዘለን የምናልፈው አይደለም።

ከዚያ በኋላ የበረራ ትምህርት ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ይገኙበታል፤ ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ራሱን «ጥቁሩ ንስር» እያለ የሚጠራው ሁበርት ጁሊያንም ከአሜሪካ መጥቶ ነበር፤ ለተፈሪ የዘውድ በዓል በሚደረገው ዝግጅት መሐል ጃንሆይ የሚወዷትን አነስተኛ አውሮፕላን ከስክሶ ተሰናበተ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ መጣ። ጆን ሮቢንሰን ያደገው በሚሲሲፒ ጋልፍፖርት ሲሆን የተማረውም በታስኪጊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ለመንካት እንኳ በሚከለከልበት ዘመን መካኒክነቱንም አብራሪነቱንም በትግል የተማረ ሰው ነው። በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሲገባ ያገኘው አየር ኃይል አሥር አሥራ ሁለት ያህል አውሮፕላን ብቻ ነበረው፤ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው። ያኔ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከፉሪ ብዙ የማይርቀው የአቃቂ ሜዳ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ግን በሰማይ በመቶ የሚቆጠር አውሮፕላኑ አንዣቦ ነበር። ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ ሊዋጉ አልቻሉም። መልእክት አደረሱ፣ መድኃኒት ጫኑ፣ ጠላት የት እንደደረሰ አይተው ተመለሱ። የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በዚያው ጦርነት በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። የሁለቱን ስም እዚህ ላይ ያዙልኝ።

በዚያው የጦርነት ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አንድ ድንቅ ሥራ ተሠራ። የጃንሆይ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አነስተኛ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እዚሁ ገጣጥሞ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አበረራት። ስሟ ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ተወስዶ «ፀሐይ» ተባለች። ጦርነቱ እየገፋ፣ የመርዝ ጋዝ ተከዜ ላይ እየወረደ፣ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው በዚህ ከተማ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ፀሐይም ተማረከች፤ ተጭናም ወደ ጣሊያን ተወሰደች።

ነጻነት ተመልሶ ሥራው እንደገና ሲጀመር ሁሉም ነገር ከዜሮ ነበር። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካውያን አሠልጣኞችና መካኒኮች ይዞ ተመለሰ፤ ልደታ ሜዳ ላይም የበረራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልደታ ግን ጠበበ። ከተማው ይገፋዋል፤ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚነሣው ከዚያው ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚተነፍሰውም ያንሰዋል፤ አውሮፕላን ከምድር ለመላቀቅ ረጅም መንደርደር ይኖርበታል። ቢሾፍቱ በ1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ ሜዳዋ ሰፊ፣ በባቡሩ መስመር ላይ የተቀመጠች አገር ናት። በ1930ዎቹ መጨረሻ አየር ኃይሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሐረር ሜዳ ወረደ።

እዚያ የጠበቁት ስዊድኖች ናቸው፤ መሪያቸውም ያ የቀይ መስቀሉ አብራሪ ፎን ሮዘን ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባል አነስተኛ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ይዞ ከስቶክሆልም ተነሣና አንድም ቦታ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በአንድ ሞተር! በዓይነቷ ክብረ ወሰን ሆነ። ሳፊሮቹ ለማሠልጠኛ፣ ሳብ 17 የሚባሉት ቦምብ ጣዮች ለውጊያ ተገዙ፤ ሳብ 17 ብቻ ከ40 በላይ ነበሩ። የኢትዮጵያ ልጆች የስዊድን መምህር እየተከተሉ መብረር፣ መፍታት፣ መግጠም ያዙ።

ሰው አየር ኃይል ሲባል ትዝ የሚለው አብራሪው ነው። እኔ ግን መካኒኩን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ሌሊት በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛው ወደ ነዳጁ ይወርዳል፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድም ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ መካኒኩ ጎህ ሲቀድ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ የታንኩን ማፍሰሻ ይከፍታል፤ ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ይቀዳና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ ካገኘ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ያፈስሳል። ሳይታይ የቀረ ውሃ ሞተሩን የሚያጠፋው አብራሪው ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ወደ ሰማይ ሲያቀና፣ መመለሻ በሌለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። አብራሪው ነፍሱን የሚሰጠው በዚያች ብርጭቆ ላይ ላፈጠጠው ሰው ነው። ይህን ዓይነት ዐይን ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፤ ለማጣት ግን አንድ ግንቦት ይበቃል። ወደዚያ እንደርሳለን።

ሮቢንሰንና ፎን ሮዘን አልተስማሙም። በአንድ ጦርነት ለአንድ አገር የበረሩት ሁለት ሰዎች ጠባቸው ከረረና ሮቢንሰን አየር ኃይሉን ለቀቀ። ከኢትዮጵያ ግን አልወጣም፤ ማስተማሩንም አልተወም። በ1946 ዓ.ም. መጋቢት፣ ለታመመ ልጅ ደም ለማድረስ እንደበረረ ይነገራል፣ አውሮፕላኑ ተከሰከሰችና ክፉኛ ተቃጠለ። መጋቢት 18 ቀን ሞተ፤ ጉለሌ ተቀበረ።

በ1947 ዓ.ም. አካባቢ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ስትሰየም ምድቡም ፊቱን ከስዊድን ወደ አሜሪካ እያዞረ ነበር። በ1945 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን ያዘች፤ በለውጡም መሣሪያና ሥልጠና ሰጠች። ጄት ገባ። ኤፍ 86 ሳበር የተባሉት ተዋጊዎች ሐረር ሜዳ ላይ ሲሰለፉ ኢትዮጵያ በጥቁር አፍሪካ ተወዳዳሪ የሌለው አየር ኃይል ባለቤት ሆነች።

ጄቶቹ ግን መጀመሪያ የታዩት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ አየር ኃይሉ ከዙፋኑ ጋር ቆመ። በተከታዮቹ ቀናት አውሮፕላኖቹ ከደብረ ዘይት ተነሥተው ዝቅ ብለው አንዣበቡ፤ የክብር ዘበኛንም ይዞታ መቱ። የአዲስ አበባ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን የሰበረው ያን ጊዜ ነው። ከአንቺም በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ነገሩ ያው ነው፣ የቤት ጠብ ሲበላሽ ሰማይ ይጠራል።

በዚያው ሰሞን ግን መልካም የሆነም ተሠራ። በ1954 ዓ.ም. አራት ሳበሮች ከነአብራሪዎቻቸውና ከነመካኒኮቻቸው ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኮንጎ ዘመቱ። በ1958 ዓ.ም. ኤፍ 5፣ በ1960 ዓ.ም. አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮች መጡ። አዛዡ ጄኔራል አሰፋ አየነ ነበሩ፤ ከውጭ አገር መምህራን ሥር ተነሥቶ በኢትዮጵያውያን የሚታዘዝ አየር ኃይል በእርሳቸው ዘመን ቆመ።

ከዚያ 1966 ደረሰ። በየካቲት የደብረ ዘይት የበታች ሹማምንት የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ምድቡን ያዙ፤ መኮንኖቻቸውንም አገቱ። አብራሪው በመኪና ሲሄድ መካኒኩ በእግሩ፤ እነዚያ ብርጭቆ ላይ የሚያፈጡት ሰዎች የተናገሩት ይህን ነበር። የአብዮቱ አንዱ ክብሪት የተጫረው እዚያ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ ነበሩ። አየር ኃይሉን ያሳደገውን ሰው አገሩ ገደለችው።

በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ ፊቷን አዞረች። በሐምሌ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር በኦጋዴን ገባ። መለዋወጫ የሚልክ የለም፤ የሶቪየት አውሮፕላን ገና አልደረሰም፤ ሶማሊያ ግን ሚግ 21 እና ሚግ 17 አላት። በእጅ ያለው ጥቂት ኤፍ 5 ነው። በብዛት የበለጠው ባላጋራ ግን ያልነበረው ነገር ነበር፤ በስዊድንና በአሜሪካ መምህር እጅ ለሠላሳ ዓመት ሲበጠር የቆየ አብራሪና መካኒክ። ከደብረ ዘይትና ከድሬዳዋ የተነሡት የእነ ለገሠ ተፈራ፣ የእነ ባጫ ሁንዴ፣ የእነ በዛብህ ጴጥሮስና የእነ አሸናፊ ገብረጻድቅ አውሮፕላኖች የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ እየመቱ ጣሉ። በምድር ጦሩ እያፈገፈገ፣ ጅጅጋ እየተያዘች፣ ሰማዩ ግን የኢትዮጵያ ነበር። የድሬዳዋ ከተማ ያኔ የተረፈችው በዚህ ነው ብል ግነት አይመስለኝም። የኩባና የሶቪየት እርዳታ የመጣው በኋላ ነው።

ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ በሶማሊያ ተማረከ። አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ምርኮኛ ሲለዋወጡ ተፈታና የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ጀግና ተብሎ ተሸለመ።

ሌላም ሰው በዚያ ጦርነት ወደቀ። ፎን ሮዘን በ1966ቱ ድርቅ ጊዜ ተመልሶ በትናንሽ አውሮፕላኖች እህል ከአየር ላይ ለተራቡ መንደሮች ይጥል ነበር። መኪና በማይደርስበት ገደል ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ከረጢቱን ይለቅቃል። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሶማሊያ ኃይሎች ባደረሱት ጥቃት ተገደለ። ሐረር ሜዳን ካቆሙት ሁለት የባዕድ አገር ሰዎች ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ሞቱ፤ አንዱም ያገሩ አፈር ላይ አልሞተም።

ከኦጋዴን ድል በኋላ ያሉት ዓመታት ለእኔ ለመተረክ የሚከብዱ ናቸው። ሚግ 21 እና ሚግ 23 በብዛት ገቡ፤ ጦርነቱ ግን ወደ ሰሜን ዞረ፤ ወገን በወገን ላይ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች የትግራይዋን ሐውዜን ደበደቡ። ሙታኑ 2,500 ይደርሳሉ ይባላል። ለድሬዳዋ የተዋጋው አየር ኃይል እና ሐውዜንን የመታው አየር ኃይል አንድ ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው ታሪክ አይሆንም።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በበረሩበት ዕለት ጄኔራሎቹ ተነሡ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታና ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ ነገሩ እንደከሸፈ ሲያዩ ራሳቸውን ገደሉ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አየር ኃይሉን ያዘዙት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ተሸሽገው ቆይተው ተያዙ፤ እስር ላይ ሳሉም ተገደሉ። በ1982 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። አንድ ጄኔራል ለማፍራት ሃያ አምስት ዓመት የፈጀባት አገር በአንድ ዓመት የአየር ኃይሏን አናት ቆረጠች።

ቀሪው አንድ ዓመት ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ። በሐረር ሜዳ አንዳንዱ አብራሪ አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ጅቡቲ በረረ፤ ሌላው ልብሱን ቀይሮ ከሕዝብ ተቀላቀለ፤ ብዙው በየተሐድሶ ካምፑ ገባ። የደርግ ሠራዊት ተብለው የተበተኑት መካኒኮች ጋራዥ ከፈቱ፣ ታክሲ ነዱ፣ ተሰደዱ። ቀደም ብዬ አንድ ግንቦት ይበቃል ያልሁት ይህንን ነው።

ሰባት ዓመት አልፎ በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አየር ኃይሉ የሚያስፈልገው ሰው ያ የተበተነው ሰው ሆኖ ተገኘ። ተጠሩ። መጡም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ከነዚያ አንዱ ነው። በደርግ ዘመን በኤርትራ ግንባር ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቆ የተፈታ ሰው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያው ሰማይ በረረ፤ አሥመራ ላይ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ሌሎች ምርኮኞች ሲለቀቁ እርሱ አልተመለሰም። የእርሱ ነገር ዛሬም ቤተሰቡንና የሥራ ጓዶቹን እንደ እሾህ የሚወጋ ነው።

በዚያው ጦርነት ሱኮይ 27 ጄቶች በአስቸኳይ ተገዙ። በ1991 ዓ.ም. የካቲት በባድመ ሰማይ ላይ የኤርትራን ሚግ 29 ጄቶች ገጥመው ረቱ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ1993 ዓ.ም. በገዢው ፓርቲ ውስጥ በተፈጠረው መከፋፈል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አበበ ተክለሃይማኖት ከኃላፊነት ተነሡ። ከእነ አሰፋ አየነ ጋር ሲተያይ ዕድለኛ ናቸው፤ በሕይወት ተርፈው ወደ ትምህርትና ወደ መጻፍ ዞሩ።

ከተማዋ ስሟን መልሳ ቢሾፍቱ ሆናለች። ምድቡም ተለወጠ፤ አዲስ ማኮብኮቢያ፣ አዲስ ግቢ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ በተነሣው ጦርነት ደግሞ ሰማዩ እንደገና በወገን ላይ ተከፈተ፤ በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ደደቢት ላይ በተፈናቃዮች መጠለያ የደረሰው የአየር ድብደባ ከ50 በላይ ሰው ፈጀ። አንቺም፣ አዲስ አበባ፣ ሐውዜን፣ ደደቢት፤ ዘጠና ዓመት።

በጥር 2016 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ሱኮይ 30 ተዋጊ ጄቶችና ግዙፍ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በይፋ ለአየር ኃይሉ ተሰጡ። በዚያው ወር ጣሊያን አገር ሌላ ርክክብ ተደረገ። በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆማ የኖረችው ፀሐይ፣ ያቺ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በእጅ የተሠራች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ ለባለቤቷ ተመለሰች። ስትማረክ ኢትዮጵያ ሐረር ሜዳ የሚባል የአየር ምድብ አልነበራትም።